በረኪናና አሲድ አንድ ባልዲ ውስጥ አይገናኙም



ረመዳን ሲቃረብ የጀመዓችን የኺድማ ቡድን መስጊድ ለማጽዳት ይወጣል። ዕቃው የሚገዛው ከተክለ ሃይማኖትና ከመርካቶ ሱቆች ነው፦ በአሮጌ የሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ በረኪና፣ ላርጎ፣ መጥረጊያ፣ ለሽንት ቤቱ ደግሞ «አሲድ» ተብሎ ብቻ የሚሸጥ ፈሳሽ። ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ የለም፣ መጠኑም አይታወቅ። ከዚያ አንድ ቅን ወንድም ሁለቱንም ባልዲ ውስጥ ሊገለብጣቸው ይነሣል፤ «ሁለቱም ጠንካራ ናቸው፣ ሲደባለቁ ይብሳሉ» ብሎ። ሽታው ዓይን ሲያስለቅስም «እየሠራ ነው» ይባላል።

እየሠራ አይደለም። ባልዲው ውስጥ የሚሆነውን የአንደኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ በባልዲ መልክ ስላልተማረው ነው እንጂ።

በረኪና የሚሠራው ክሎሪን ጋዝን ከካስቲክ ሶዳ ጋር በማዋሐድ ነው። ክሎሪን ውሃ ሲያገኝ ሃይፖክሎረስ አሲድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሰጣል፤ ሂደቱ ግን ወደ ኋላም ይመለሳል። ሚዛኑን ወደ ፊት ገፍቶ የያዘው ቤዙ ነው፤ ካስቲክ ሶዳው አሲዶቹን እያነሣ ስለሚወስድ ክሎሪኑ ሃይፖክሎራይት ሆኖ ይቀመጣል። የበረኪና ፒኤች ከ11 በላይ እንዲሆን የሚደረገው ለዚህ ነው። አሁን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢጨመርበት ሃይድሮጅን አዮንም ክሎራይድ አዮንም በአንድ ጊዜ ይበዛሉ። ሁለቱም በሂደቱ ቀኝ በኩል ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ግራ ይሸሻል። ግራው ላይ ያለው ክሎሪን ጋዝ ነው። ፈረንሳዊው ለ ሻተሊዬ እ.ኤ.አ. በ1884 ያስቀመጠው፣ እኛ ለፈተና በቃል የምንይዘው መርህ ይኸው ነው።

ጋዙ ሲተነፈስ ደግሞ እርጥቡን የሳንባ ግድግዳ ያገኛል። እዚያ ሚዛኑ እንደገና ወደ ፊት ይሄዳል፤ አሲዶቹ ሳንባ ውስጥ ይፈጠራሉ። ክሎሪን ከአየር ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። መስኮት በሌለው ጠባብ ሽንት ቤት ተንበርክኮ ወለል የሚፈትግ ሰው አፍንጫው ያለው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1915 የጀርመን ጦር ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ በጠላቱ ምሽግ ላይ የለቀቀው ይህንኑ ጋዝ ነበር። ሥራውን የመራው ፍሪትዝ ሃበር ነው፤ የአሞኒያን ሚዛን በግፊትና በሙቀት ያዘዘው፣ ለዚያም የ1918ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሃበር። የማዳበሪያውን ታሪክ ክፍል ውስጥ እንሰማለን፤ የጋዙን ግን እምብዛም።

በነገራችን ላይ «በረኪና» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ጣሊያኖቹም ስሙን የወሰዱት አመዱ ሶዳ ይሰጥ ከነበረ የባሕር አረም ነው። «አልካሊ» ደግሞ ከዐረብኛው «አልቀሊ» የመጣ ነው፤ እሱም የዕፅዋት አመድ ነው። በየዝግጅቱ የጃቢር ኢብን ሐያንን ስም እያነሣን የምንኮራ ልጆች ነን። ኩራቱ የሚያምረው ዕውቀቱ እስከ መስጊዱ ሽንት ቤት ሲወርድ ነው።

«እስከ ዛሬ ማን ሞተ? ሰው አናስደንግጥ» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ በሳል ያልፋል። አስም ላለባት እህት ግን ላያልፍ ይችላል። ደግሞም እኛ የምናጸዳው በዓመት አንድ ሁለት ቀን ነው። በመርካቶ ሕንፃዎች ውስጥ በየቀኑ ሽንት ቤት የምታጸዳዋ እናት ሳሏን ለማን ትናገር? ብርድ መታኝ ብላ ነው የምታልፈው።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው፦ አሲድ ከኺድማው የግዢ ዝርዝር ይውጣ። ወለሉ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ሽንት ያለበት ቦታ በተለይ በደንብ ይታጠብ፣ በረኪና ከአሞኒያም ጋር መርዛማ ጋዝ ያወጣልና። ከዚያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጁን ከዘጠኝ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቢበጠብጡት 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ይበቃል። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይታጠብ፣ በሩም ክፍት ይሁን። ድንገት የሚያንቅ ሽታ ከመጣ ባልዲውን ለማንሣት አይሞከር፤ ወጥቶ ንጹሕ አየር ወዳለበት መሄድ ነው። ይህን የኬሚስትሪና የፋርማሲ ተማሪዎቻችን በአንድ ገጽ ይጻፉት፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በስልጥኛ፣ በጉራግኛና በኦሮምኛም።

ከባለ ሱቆቹ መካከል የአባሎቻችን አባቶችና አጎቶች አሉ። ጠርሙሱ ላይ «በረኪና፤ ከአሲድ ጋር አይደባለቅ» የሚል ወረቀት መለጠፍ የሚጠይቀው ማተሚያና ማጣበቂያ ብቻ ነው፤ ማተሙን እኛ እንችለዋለን። ከዐስር ሰላት በኋላ ሄዶ የሚያናግራቸው ግን የሰፈሩ ልጅ ቢሆን ይሻላል። ነጭ ጋውን የለበሰ የግቢ ተማሪ ካዩ ተቆጣጣሪ የመጣ መስሏቸው ጠርሙሶቹን ወደ ጓዳ ያስገቧቸዋል።