ክረምት ሲገባ የልጆች መጫወቻ ለምን ይዘጋል?



ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ይዘጋል። በዚያው ሰሞን የሰፈራችን የልጆች መጫወቻም በሩን ይቆልፋል። ለምን ሲባል «ዝናብ ነው፣ ገበያ የለም» ይሉናል። ልጆቻችን እረፍት የሚያገኙት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ታዲያ ገበያው የት ሄደ?

እኛ ነገሩን ሳንመዝን አልተነሣንም። በኤሌክትሪክ የሚዞረው ሽክርክሪት በዝናብ ይሥራ አላልንም፤ ውሃና ኤሌክትሪክ እንደማይዋደዱ እናውቃለን። ጥገና እንደሚያስፈልግም አንክድም። ግን ጥገናው ልጆች ትምህርት ላይ በሚውሉበት በኅዳር ቢደረግ ምን ይጎዳል? ዥዋዥዌውና ሸርተቴውስ ምን ኤሌክትሪክ አላቸው? የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለምን አይከፈትም?

በኮፐንሃገን ከተማ በ1843 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ቲቮሊ የሚባል መናፈሻ አለ። አገሩ ብርድና በረዶ ነው። እንዲያም ሆኖ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገና ሰሞን ይከፈታል። እነሱን በረዶ ያላቆማቸውን እኛን ካፊያ ያቆመናል?

በሩ ሲቆለፍ ልጅ ቤት አይቀመጥም፤ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ባለፈው ነሐሴ ሁለት ልጆች ከደራሽ ውሃ በጎረቤት ተጎትተው ሲወጡ አይተናል። ሦስተኛው እስኪደገም እንጠብቅ?

ስለዚህ ሸርተቴውና ዥዋዥዌው በክረምት ጠዋት ይከፈት፤ ጥገናው ወደ ኅዳር ይዛወር። ጥበቃውን ወላጆች ተራ ገብተን እናግዛለን። እሑድ በ4 ሰዓት ማኅበሩ ቤት መጥታችሁ ፈርሙ። ልጅ የሌለውም ይምጣ፤ ወንዙ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም።

የማኅበሩ ጸሐፊ