ሙቀትም መብራትም ከእንጨት፦ ጉሲንግ ምን ታስተምራለች?

ጉሲንግ በኦስትሪያ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሃንጋሪ ድንበር አቅራቢያ የምትገኝ፣ 4 ሺህ ገደማ ነዋሪዎች ያሏት አነስተኛ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ደን ቢሆንም ገንዘቧ ከውጭ ለሚገባ ነዳጅና ኤሌክትሪክ ይፈስስ ነበር። በመሆኑም ምክር ቤቷ እ.ኤ.አ. በ1990 ከነዳጅ ጥገኝነት ለመላቀቅ ወሰነ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የማሞቂያ ጣቢያ አሠራር ቀላል ነው። የተከተከተ እንጨት ነዶ ውኃ ያሞቃል። ሙቁ ውኃ ሙቀቱን እንዳያጣ በተሸፈነ የመሬት ውስጥ ቧንቧ ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ሙቀቱን አስረክቦም ለዳግም ማሞቅ ወደ ጣቢያው ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ እንጨትን በእንፋሎት ወደ ጋዝ የሚለውጥ ጣቢያ ተሠራ። ጋዙ ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ትርፍ ሙቀቱም ወደ ቧንቧው ይገባል። ጣቢያው ከ8 ሜጋ ዋት የእንጨት ኃይል 2 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክና 4 ነጥብ 5 ሜጋ ዋት ሙቀት እንዲሰጥ የታቀደ ነበር። ኤሌክትሪክ ብቻ ቢያወጣ ከእንጨቱ ኃይል የሚጠቅመው 25 በመቶው ነው፤ ሙቀቱ ሲታከል ግን ከ80 በመቶ ያልፋል።

ይሁን እንጂ እንጨት ተወደደ፤ ለኤሌክትሪኩ ይከፈል የነበረው የድጎማ ዋጋም አበቃ። ጣቢያውን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለኪሳራ ተዳረገ። ችግሩ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ነበር።

ለእኛ ቤት ማሞቂያ ቧንቧ መዘርጋት አንገብጋቢ ጉዳይ አይደለም። መርሁ ግን እንግዳ አይደለም፤ የስኳር ፋብሪካዎቻችን ጭማቂው የወጣለትን አገዳ (ባጋስ) አንድደው በአንዱ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፣ ጭማቂውንም ያተንናሉ።

በመሆኑም ተመሳሳይ ዕቅድ የሚቀርብለት ወረዳ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማጣራት ይገባዋል። አንደኛ፣ የሚነድደው ነገር በእርግጥ ትርፍ ነው? የቡና ገለፈትና ሰጋቱራ ትርፍ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ገለባ ግን የከብት መኖ ነው፤ ፍግም ለማሳው ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሙቀቱን ዓመቱን ሙሉ የሚጠቀም ፋብሪካ ወይም ማድረቂያ በቅርብ አለ? ሦስተኛ፣ ተረፈ ምርቱን ለሚያቀርበው አርሶ አደር ዋጋውና ዘመኑ በጽሑፍ ውል ታስሯል? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ የሚገዛ ማሽን ለአርሶ አደሩ ዕዳ እንጂ ጥቅም አይሆንም።