ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ውሳኔውንም ለታዳጊዎቹ ስጧቸው

አንድ ጥያቄ እናስቀድም። ሰፈራችሁ ውስጥ «ለወጣቶች» ተብሎ የተሠራ ነገር አለ? ሜዳ፣ ወጣት ማዕከል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ምንም ይሁን። ሁለተኛ ጥያቄ፦ ያ ነገር ከመሠራቱ በፊት አንድ የ16 ዓመት ልጅ «ምን ያስፈልጋችኋል?» ተብሎ ተጠይቋል?

ለሁለተኛው ጥያቄ ብዙዎቻችሁ «ኧረ የለም» እንደምትሉ እንገምታለን። ዛሬ የምናየው ይህን ነገር የገለበጠ አሠራር ነው። ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ለአካባቢው ወጣቶች ጤናና ደህንነት የሚውል ገንዘብ ይቀመጣል። ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ ድምፅ ሰጥተው ይወስናሉ።

ደስ የሚል ወሬ ይመስላል አይደል? ግን ወሬው ብቻ አይበቃም። የት እንደሠራ፣ የት እንደሚጎድል፣ እኛ ጋ ቢመጣ ምን እንደሚሆን እንይ። (ካልገለጽን በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ነገሩ ከየት ተነሳ?

ከሚሺጋን፣ አሜሪካ። ኮርን ፍሌክስ የምትበሉ ካላችሁ ኬሎግ የሚለውን ስም ታውቁታላችሁ። የኩባንያው መሥራች ዊል ኪት ኬሎግ በ1930 ያቋቋመው ፋውንዴሽን እዚያው ሚሺጋን ውስጥ ባትል ክሪክ ከተማ ይገኛል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ይህ ፋውንዴሽን ከግዛቲቱ የፋውንዴሽኖች ምክር ቤት ጋር ሆኖ አንድ ሐሳብ አመጣ። በየከተማው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የሚባሉ ተቋማት አሉ። ነዋሪው ያዋጣውን ገንዘብ ይዘው ለዚያው አካባቢ በጎ ሥራ የሚሰጡ ናቸው። የእኛን እድር አስቡት፤ ልዩነቱ ገንዘቡ ለቀብር ሳይሆን ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለመናፈሻ መዋሉ ነው።

ኬሎግ እነዚህን ተቋማት «እናንተ ከነዋሪው አሰባስቡ፣ እኔ እጨምርላችኋለሁ» አላቸው። ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ለወጣቶች የሚሆን ዘላቂ ፈንድ ይኑር፤ ፈንዱ ለማን እንደሚሰጥ የሚመክር የታዳጊዎች ምክር ቤትም ይቋቋም። ዛሬ በሚሺጋን እንዲህ ያሉ የወጣት ምክር ቤቶች ከ80 በላይ ናቸው።

🔹 ገንዘቡ ለምን አያልቅም?

ቁልፉ «ዘላቂ» የሚለው ቃል ነው። ዋናው ገንዘብ አይነካም። ኢንቨስት ይደረግና ከትርፉ በየዓመቱ ትንሽ ድርሻ ብቻ ይወጣል። ለምሳሌ 1 ሚሊዮን ዶላር ያለው ፈንድ በዓመት 4 በመቶ ቢያወጣ 40 ሺህ ዶላር ይሆናል። ይህ ደግሞ ለ20 ትንንሽ ሥራዎች 2 ሺህ 2 ሺህ ዶላር ነው።

ብዙ አይደለም። ግን በሚቀጥለው ዓመትም አለ፤ ከዚያ በኋላም አለ። ልጆቹ አድገው ሲወጡ የሚተኳቸው ልጆች ባዶ ካዝና አይረከቡም። አንድ ጊዜ ጭብጨባ በዝቶለት በዓመቱ ከሚጠፋ «የወጣቶች ፕሮጀክት» የሚለየው በዚህ ነው።

🔹 መጀመሪያ መጠየቅ፣ ከዚያ መስጠት

ከአሠራሩ ሁሉ በጣም የወደድነው ይህን ነው። የሚሺጋን ምክር ቤቶች በየሦስት ዓመቱ ገደማ የአካባቢያቸውን ወጣቶች ይጠይቃሉ። ምን ያስጨንቃችኋል? ምን ጎደላችሁ? ስም የማይጻፍበት መጠይቅ በየትምህርት ቤቱ ይበተናል። ገንዘቡ የሚከተለው ከዚያ የመጣውን መልስ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ጋ ነው። አዋቂ ሰው «ለወጣት» ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት ኳስ ሜዳ ነው፤ ወይም ስለ ሱስ የሚሰጥ ምክር። ኳስ ሜዳ አንጠላም። ግን ልጆቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ጭንቀት፣ ድብርት፣ ብቸኝነት የሚሉ መልሶችም ተደጋግመው ይመጣሉ። በአዳራሽ ተሰብስቦ «እጅ አውጡ» ሲባል የማይነገር ነገር ስም በሌለው ወረቀት ላይ ይጻፋል።

ይህ ደግሞ የአሜሪካ ልጆች ቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። 56 ተማሪ ያለበትን አንድ ክፍል አስቡ። በዚህ ስሌት ስምንቱ ማለት ነው።

🔹 «አይሆንም» ማለት ይከብዳል

ሒደቱ እንዲህ ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፤ ትምህርት ቤቶች፣ ክበቦች፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ፕሮፖዛል ያስገባሉ። ታዳጊዎቹ ያነባሉ፣ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዴም ቦታው ድረስ ሄደው ያያሉ። ከዚያ ክርክር፣ ከዚያ ድምፅ። የመጨረሻውን ፊርማ የሚያስቀምጠው ግን የፋውንዴሽኑ ቦርድ ነው።

ሁልጊዜ የሚጠየቀው ከሚሰጠው ይበልጣል። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ የ50 ዓመት ሰው ያዘጋጀውን ፕሮፖዛል «በጀቱ አላሳመነንም» ብሎ ይመልሳል። የጓደኛው ክበብ ሲያመለክት ደግሞ «እኔ እዚህ ላይ ድምፅ አልሰጥም» ብሎ ይወጣል። ዘመድን ከሥራ መለየት ማለት ይህ ነው። በሥነ ዜጋ ክፍል ስለ ሙስና አስከፊነት አሥር ገጽ ከማንበብ ይልቅ አንድ ጊዜ እንዲህ ማድረግ ይበልጣል እንላለን።

ግዛቲቱም አልተኛችም። በ1998 ሚሺጋን ሕጓን አሻሽላ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቦርድ ውስጥ ድምፅ ይዘው እንዲቀመጡ ፈቅዳለች።

🔹 ቦስተን፦ የገንዘቡ ዓይነት መልሱን ይወስናል

አሁን ከሚሺጋን እንውጣና ወደ ቦስተን እንሂድ። እዚያ ገንዘቡ የመጣው ከፋውንዴሽን ሳይሆን ከከተማው አስተዳደር ነው። በ2014 ከተማው ከበጀቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ለይቶ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 25 የሆኑ ነዋሪዎች በድምፃቸው እንዲወስኑበት አደረገ። በአሜሪካ ለወጣቶች ብቻ የተሰጠ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ የከተማ በጀት ነበር። ከ1,500 በላይ ወጣቶች ድምፅ ሰጡ። ካሸነፉት መካከል የፍራንክሊን ፓርክ መጫወቻ እድሳት፣ ለትምህርት ቤቶች ላፕቶፕ፣ የሥዕል ግድግዳዎች፣ በአንድ መናፈሻ ላይ ደግሞ የደህንነት ካሜራ ይገኙበታል።

ልብ በሉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ የለም። ለምን? ያ ገንዘብ የካፒታል በጀት ስለነበረ ነው። ለግንባታና ለዕቃ እንጂ ለደመወዝ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ልጅ በመናፈሻው የሚፈራ ከሆነ ካሜራ መምረጥ ይችላል፤ ፍርሃቱን የሚያዋራው ሰው ግን መምረጥ አይችልም።

ዋናው ትምህርት ይህ ይመስለናል። ለታዳጊ ድምፅ መስጠት ብቻ አይበቃም። ድምፁ የሚሰጥበት ዝርዝር በማን ተዘጋጀ? ምን ተፈቀደ፣ ምንስ ተከለከለ? ሜኑውን ሌላ ሰው ጽፎት «የፈለጋችሁትን እዘዙ» ማለት ሙሉ ምርጫ አይደለም።

🔹 ጉድለቱንም እንናገር

አንደኛ፣ ማን ነው የሚቀመጠው? ከትምህርት በኋላ ለስብሰባ መቅረት የሚችለው የሚያደርሰው መኪና ያለው ልጅ ነው። ታናናሾቹን የሚጠብቅ ወይም ሥራ የሚሠራ ልጅ አይመጣም። ኮሌጅ ማመልከቻ ላይ ለማስፈር ብቻ የሚገባም አይጠፋም። ትራንስፖርት፣ ምግብና አመቺ ሰዓት ካልታሰበበት ምክር ቤቱ የጎበዝ ተማሪዎች ክበብ ሆኖ ይቀራል። ያ ደግሞ በጣም የተጨነቀውን ልጅ ውጭ ትቶ ስለ ጭንቀት መወያየት ነው።

ሁለተኛ፣ ፊርማው አሁንም የአዋቂ ነው። ቦርዱ የልጆቹን ውሳኔ ሁልጊዜ የሚያጸድቅ ከሆነ ችግር የለም። ገንዘቡ ሲከብድ ብቻ ጣልቃ የሚገባ ከሆነ ግን ነገሩ ጨዋታ ነው፤ ልጆች ደግሞ ጨዋታ መሆኑን ቶሎ ያውቃሉ።

ሦስተኛ፣ 2 ሺህ ዶላር የአእምሮ ሐኪም እጥረትን አይፈታም። መንግሥት መሥራት ያለበትን ሥራ ለ16 ዓመት ልጅ ትከሻ አሸክሞ «ይኸው ሥልጣን ሰጠናችሁ» ማለት አያዋጣም።

🔹 እኛ ጋስ?

ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ነው። የ2009 ዓ.ም.ን (በእኛ አቆጣጠር) ታስታውሱ ይሆናል። መንግሥት የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ አቋቁሞ ነበር። መጠኑ ትልቅ ነው። ግን ብድር ነበር፤ ታዳጊዎችን ሳይሆን 18 ዓመት የሞላቸውን የሚመለከት ነበር። ወጣቱ የተገኘው በአመልካች ወንበር ላይ ነው። በውሳኔ ሰጪው ወንበር ላይ ቢሮዎችና የብድር ተቋማት ነበሩ።

ይህን ስንል ብድር መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ሥራ ለመጀመር ብድር ያስፈልጋል። ግን ለሥራ መነሻ ብር መበደር አንድ ነገር ነው፤ «የሰፈራችን ልጆች ምን ያስፈልጋቸዋል?» ብሎ መወሰን ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን እኛ ጋ ብዙም አላየነውም።

«ልጅ ምን ያውቃል?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ኢትዮጵያ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ግን ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን የመግለጽና እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ብስለታቸው ክብደት የማግኘት መብት አላቸው ይላል። የሚገርመው፣ አሜሪካ ይህን ስምምነት እስካሁን አላጸደቀችም። እዚያ ወረቀቱ ሳይጸድቅ ሥራው ተጀመረ። እኛ ጋ ወረቀቱ አለ።

«ከ18 ዓመት በታች ፊርማ የለውም» የሚለውም እውነት ነው፤ ግን ሰበብ አይሆንም። ሚሺጋንም ላይ የሚፈርመው አዋቂው ቦርድ ነው። የሚወያየውና የሚመርጠው ግን ልጁ ነው።

ለመጀመር ደግሞ ኬሎግን መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ እድር፣ አንድ የወላጆች ኮሚቴ ወይም ከሰፈሩ ወጥተው ውጭ አገር የሚሠሩ ልጆች 50 ሺህ ብር ቢያዋጡ ለአምስት ሥራ 10 ሺህ 10 ሺህ ብር ነው። ሦስት ነገር ግን ካልተሟላ ባይጀመር ይሻላል፦

✔️ የገንዘቡ መጠን ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ይታወቅ። «እናያለን» የሚባል በጀት በጀት አይደለም።
✔️ መጀመሪያ ስም የማይጻፍበት መጠይቅ ይበተን። ስልክ ላለው በቴሌግራም፣ ለሌለው በወረቀት።
✔️ ልጆቹ የወሰኑት ይፈጸም። ካልተፈጸመም ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገራቸው።

ምናልባት ኳስ ይመርጡ ይሆናል። ምናልባት ለሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ፣ ምናልባት ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ የሚያዳምጣቸው አንድ ባለሙያ። አናውቅም፤ ነጥቡም እሱ ነው። ልጆቹ ሳይጠየቁ መልሱን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ሰፈሩ እስካሁን በዚያ ሰው ግምት ሲመራ ኖሯል ማለት ነው።

👉 እናንተ የ16 ዓመት ልጅ ብትሆኑ (ወይም ከሆናችሁ) ለሰፈራችሁ 10 ሺህ ብር ምን ላይ ታውሉት ነበር? ጻፉልን። እድር ውስጥ ላለ አባታችሁም ይቺን ጽሑፍ ላኩለት።