የጨው ንግድና የሕፃናት ትምህርት

ጨው በአገራችን የንግድ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ሸቀጥ ነው። ከአፋር በረሓ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ የነበረው አሞሌ ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ሆኖ ማገልገሉን ነጋዴ ሁሉ ከአባቶቹ የሰማው ነው። ዛሬ ግን ጨው በየሱቁ ጥግ በጆንያ ተቀምጦ የሚታይ፣ ትርፉም አነስተኛ የሆነ ዕቃ በመሆኑ ስለ እርሱ ብዙ የሚያስብ ነጋዴ አይገኝም። ይሁን እንጂ የአንድ ሕፃን ትምህርት በዚሁ ጆንያ ምክንያት ሊቃና ወይም ሊሰናከል እንደሚችል የምርምር ሰዎች አረጋግጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደጋው አፈር በዝናብና በጎርፍ ስለሚታጠብ አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ይጐድለዋል፤ በዚያ አፈር የበቀለውም እህል እንዲሁ ነው። አዮዲን ያነሰው ሰው በአንገቱ ላይ እንቅርት ይወጣበታል። ከእንቅርቱ የሚከፋው ግን ከዐይን የተሰወረው ጉዳት ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን በብዙ ካነሳት የፅንሱ አእምሮ በሚገባ አይዳብርም፤ ልጁም ትምህርት ቤት ሲገባ የሚነገረውን ለመቀበል ይቸገራል። ወላጅ «ልጄ ሰነፍ ነው» ብሎ ያዝናል፤ መምህሩም ይቈጣል፤ ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ በኋላ ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው ጨው ስለ ቀረ፣ ገበያው አዮዲን ያልተጨመረበትን የአፍዴራ ጨው መቀበል ግድ ሆነበት። የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ በወጣው ጥናታቸው፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ከመቶ 40 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አስታወቁ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204ን አውጥቶ አዮዲን የሌለበት ጨው ለሰው ምግብ እንዳይሸጥ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤተሰብ በ15ቱ ብቻ ሲሆን፣ በ2016 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ ብሏል። ምርምሩ ወረቀት ሆኖ ያልቀረው ነጋዴው ዕቃውን ከየገበያው ስላደረሰው ነው።

ነገር ግን የአዮዲን መኖር ብቻ አይበቃም፤ መጠኑም መሟላት አለበት። ጨው ከቤተሰብ ዘንድ ሲደርስ በአንድ ኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም አዮዲን ሊኖረው ይገባል። ይህም በኩንታል ሲሰላ አንድ ግራም ተኩል ብቻ ነው። ይህን የመሰለው ጥቂት ነገር በፀሐይ፣ በሙቀትና በእርጥበት ይጠፋል። ስለዚህ ጨውን አፉ በተከፈተ ጆንያ ደጅ አስጥቶ የሚሸጥ ባለሱቅ ሳያውቀው የሕፃናቱን ድርሻ ለነፋስ ይሰጣል።

አንዳንዶች «ገዢው የሚፈልገው ርካሹን ነው፤ እኛም ሐኪሞች አይደለንም» ይላሉ። በርግጥ ባለሱቅ አዮዲን ያለበትንና የሌለበትን ጨው በዐይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም። አውቆ አንዱን በሌላው ስም የሚሸጥ ግን ሚዛን ከሚሰርቅ ነጋዴ አይሻልም።

እንግዲህ ሦስት ነገር ሊደረግ ይገባል። አንደኛ፣ ባለሱቆች የአምራቹ ስም የተጻፈበትንና የታሸገውን ጨው ይግዙ፤ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ከድነው፣ በደረቅና ጥላ በሆነ ስፍራ ያስቀምጡት። ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚመጣው የአዮዲን ውሕድ እንዳይቋረጥ አስመጪዎች ይትጉ፤ የውጭ ምንዛሪውም ይፋጠንላቸው። ሦስተኛ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው ያው መሥሪያ ቤት ከየገበያው ናሙና እየወሰደ ውጤቱን ለንግድ ምክር ቤቶች ያስታውቅ፤ ነጋዴውም ናሙና ሲጠየቅ በሩን አይዝጋ።

ዛሬ በትምህርቱ የተሰናከለው ልጅ ነገ መዝገብ ያዥ፣ ጸሓፊ ወይም ጥሩ ደንበኛ ሊሆን ይችል የነበረ ሰው ነው። አባቶች «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ያሉት ለጨው ነጋዴም ይሠራል።