የተጨመረው ወርና የፉሪም በዓል

የዘመን አቈጣጠር ነገር የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ነገሩን በደንብ የተመለከትነው እንደ ሆነ ዘመን የሚቈጠረው ከሁሉ አስቀድሞ በቤት ውስጥ ነው። እናት ጾሙ የሚገባበትን ቀን፥ አባት ደመወዝ የሚወጣበትን ቀን፥ ልጅም የልደቱን ቀን እያንዳንዳቸው ይቈጥራሉ። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚጨመረው ወር፥ ይልቁንም ከዚህ ወር ጋራ ስለ ተያያዘው ስለ አይሁድ የፉሪም በዓል መንፈሳዊ ትርጓሜ ይሆናል።

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፥ ከመሐል ገበያው ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲሄዱ፥ ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1899 የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከሞምባሳ ተነሥቶ ናይሮቢ ከደረሰ ወዲህ፥ ከምዕራብ ህንድ በተለይም ከጉጅራት የመጡ ብዙ ነጋዴዎችና ጸሐፊዎች በከተማይቱ ገብተው፥ ልጅ ወልደው፥ ወግ ማዕርግ አይተውባታል። ዛሬም በፓርክላንድስ ሂንዱው፥ ጃይኑ፥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተው የአጋ ካን ሆስፒታልም የሚገኘው በዚሁ ሰፈር ነው።

እነዚህ ጎረቤታሞች በሥራ ቀን ሁሉም የሚቈጥሩት በአንድ ካሌንደር ነው፤ በጸሎት ቀን ግን እያንዳንዱ የየራሱ ዘመን አለው። በ2015 ዓ.ም. ከሐምሌ 11 ቀን እስከ ነሐሴ 10 ቀን ድረስ፥ በሂንዱ ቤተ ሰቦች ዘንድ በዓመቱ ላይ አንድ ሙሉ ወር ተጨምሮ ነበር። ይህን ወር አዲክ ማስ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ተጨማሪ ወር ማለት ነው። በዚህ ወር ሠርግ አይደገስም፤ አዲስ ቤትም አይመረቅም፤ ነገር ግን ጾምና ጸሎት፥ ምጽዋትና የቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ ይበዛበታል።

ስለዚሁ ወር አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው የሚነግሩት አንድ ታሪክ አለ። ሌሎቹ ወሮች ሁሉ ጌታና ጠባቂ ሲኖራቸው፥ ይህ የተረፈው ወር ግን ባለቤት አጥቶ የተናቀና የረከሰ ወር ይባል ነበር። ወሩም አዝኖ ወደ ቪሽኑ ሄደና አለቀሰ። ቪሽኑም ራርቶለት የራሱን ስም ሰጠው፤ ከዚያም በኋላ ፑሩሾታም ማስ፥ ማለት የልዑሉ ጌታ ወር፥ ተባለ። እንግዲህ በሒሳብ ትርፍ ሆኖ የተገኘው ዘመን በመንፈስ ከሁሉ የከበረ ሆነ ማለት ነው።

ወር መጨመር ያስፈለገበትን ምክንያት ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ጨረቃ አሥራ ሁለት ጊዜ ተወልዳ አሥራ ሁለት ጊዜ ስትጨርስ 354 ቀን ያህል ይሆናል። የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ጨረቃ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ትቀድማለች፤ በሦስት ዓመት ውስጥም ልዩነቱ ከአንድ ወር ያልፋል። ሙስሊሞች ይህን ልዩነት ሳያርሙ ጨረቃን ብቻ ስለሚከተሉ፥ የረመዳን ጾም በ33 ዓመት ገደማ በጋውንም ክረምቱንም ያዳርሳል። ሂንዱዎችና አይሁድ ግን በዓላቸው ከወቅቱ እንዳይለይ ሲሉ ወር ይጨምራሉ።

በኦሪት ሕግ ፋሲካ በጸደይ፥ ገብስ በሚያሸትበት ወራት እንዲውል ታዟል። አይሁድ ስለዚህ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ፥ ይኸውም በ3ኛው፥ በ6ኛው፥ በ8ኛው፥ በ11ኛው፥ በ14ኛው፥ በ17ኛውና በ19ኛው ዓመት፥ አንድ ወር ይጨምራሉ። የሚጨመረውም በዓመቱ መጨረሻ ከኒሳን በፊት ሲሆን፥ አዳር የሚባለው ወር ሁለት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዓመት በቋንቋቸው ነፍሰ ጡር ዓመት ይሉታል፤ እናት ልጅዋን በሆድዋ እንደምትሸከም ዓመቱም በውስጡ ሌላ ወር ተሸክሟልና ነው።

ከዚህም የተነሣ በቤተ ሰብ ውስጥ የሚያስገርም ነገር ይሆናል። በነፍሰ ጡር ዓመት አንዱ ሕፃን በመጀመሪያው አዳር በ29ኛው ቀን፥ ሌላው ደግሞ በሁለተኛው አዳር በ1ኛው ቀን ቢወለዱ፥ የፊተኛው በሁለት ቀን ታላቅ ነው። ነገር ግን አሥራ ሦስት ዓመት የሚሞላቸው አንድ አዳር ብቻ ባለው ዓመት የሆነ እንደ ሆነ፥ ታናሹ አዳር በባተ በመጀመሪያው ቀን ለአቅመ ሕግ ይደርሳል፤ ታላቁ ግን እስከ 29ኛው ቀን መጠበቅ አለበት።

ቀመሩ ተወስኖ ሳይጻፍ በፊት፥ ወሩ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለውን የሚቈርጥ የሊቃውንት ሸንጎ ነበር። በታልሙድ እንደ ተገለጸው ሸንጎው የሚመለከተው ሰማዩን ብቻ አልነበረም። ገብሱ እሸት ሆኗል ወይ? ዝናሙ መንገዱን አበላሽቶታል ወይ? ድልድዩስ ፈርሷል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። ከሩቅ አገር ለፋሲካ የተነሡና ገና በመንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ቢኖሩ፥ እነርሱ እስኪደርሱ ድረስ ወር ይጨመር ነበር። እንግዲህ አንድ ሕዝብ ሁሉ ዓመቱን አቁሞ መንገደኛን ይጠብቃል ማለት ነው። ነገር ግን በዚያው ሕግ ላይ አንድ ጠንካራ ቃል አለ፤ ከቤታቸው ገና ላልተነሡ ሰዎች ሲባል ወር አይጨመርም። ምሕረቱ ተነሥቶ ለዘገየው ነው እንጂ፥ መነሣትን ለናቀው አይደለም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቃል በልብህ ያዝልን፤ የፉሪም በዓል ምሥጢር በርሱ ይፈታልና።

መጽሐፈ አስቴር በመጀመሪያው ቃሉ የንጉሥ አርጤክስስ ግዛት ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ 127 አገሮች እንደ ነበረ ይናገራል። የህንድ ልጆችና የኢትዮጵያ ልጆች ዛሬ በናይሮቢ መንገድ ሲተላለፉ ለተመለከተ ሰው፥ ይህ የጥንት ቃል ሩቅ ሆኖ አይታየውም። በዚያ መንግሥት ሐማ የሚባል ባለሥልጣን፥ መርዶክዮስ አልሰግድልህም ስላለው ተቈጥቶ፥ በግዛቱ ያሉትን አይሁድ ሁሉ ለማጥፋት አሰበ። ቀኑንም ለመምረጥ በመጀመሪያው ወር ፉር፥ ማለት ዕጣ፥ ጣለ፤ ዕጣውም በአሥራ ሁለተኛው ወር በአዳር ላይ ወደቀ። ፉሪም የሚለው የበዓሉ ስም የተገኘው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ሐማ ለጥፋት በጣለው ዕጣ፥ ሳያውቀው ለአይሁድ አሥራ አንድ ወር ያህል ጊዜ ሰጣቸው። ይሁን እንጂ ጊዜ በራሱ ማንንም አያድንም። መርዶክዮስ ወደ አስቴር ልኮ ዝም ማለት እንደማይገባት ባያስጠነቅቅ፥ አስቴርም ሦስት ቀን ጾማ ወደ ንጉሡ ሳትጠራ ባትገባ፥ አሥራ አንዱ ወር ሞትን መጠበቂያ ብቻ በሆነ ነበር። ሳይጠሩ ወደ ንጉሡ መግባት በሞት የሚያስቀጣ እንደ ሆነ እያወቀች ተነሣች።

ንጉሡም የምትሻውን እንድትነግረው ሲጠይቃት፥ አስቴር ወዲያው አልተናገረችም። አንድ ግብዣ አደረገች፤ በዚያም ግብዣ ላይ ለነገው ሌላ ግብዣ ጠራችው። በሁለቱ ግብዣዎች መካከል በነበረችው በአንዲት ሌሊት የንጉሡ እንቅልፍ ጠፋ፤ የታሪክ መጽሐፍም ሲነበብለት መርዶክዮስ ሕይወቱን ያዳነለት ሰው መሆኑን አወቀ። አስቴር የጨመረቻት አንዲት ቀን የሕዝቡን ዕድል ለወጠች። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም፤ ሊቃውንታቸውም ረድኤቱ በስውር የሠራበት መጽሐፍ ነው ብለው ያስተምራሉ።

በነፍሰ ጡር ዓመት ፉሪም የሚከበረው በሁለተኛው አዳር ነው። በመጀመሪያው አዳር በ14ኛው ቀን ትንሹ ፉሪም የሚባል ቀን ይውላል፤ ነገር ግን መጽሐፉ አይነበብበትም፤ የበዓሉም ስጦታ አይሰጥበትም። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት የአስቴር መዳን ከግብፅ ወጥቶ ነፃ ከመሆን በዓል፥ ከፋሲካ፥ ጋራ እንዲቀራረብ ነው የሚል ነው። በአይሁድ አቈጣጠር 5784 ነፍሰ ጡር ዓመት ስለ ነበረ ፉሪም መጋቢት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋለ፤ 5787ም እንደዚሁ ነፍሰ ጡር ስለ ሆነ የፉሪሙ ቀን መጋቢት 14 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው።

በበዓሉ አራት ነገሮች ይፈጸማሉ። መጽሐፈ አስቴር በማታና በቀን ይነበባል፤ ለወዳጅ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ምግብ ይላካል፤ ቢያንስ ለሁለት ድኾች ምጽዋት ይሰጣል፤ ማዕድም ይደረጋል። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሊቅ ማይሞኒዴስ፥ ሰው ለራሱ ማዕድ ከሚያበዛ ይልቅ ለድኾች የሚሰጠውን ቢያበዛ ይሻላል ሲል ጽፏል። የበዓሉም ቀን የተወሰነው ውጊያው በተደረገበት በ13ኛው ቀን ሳይሆን፥ ሕዝቡ ባረፈበት በ14ኛው ቀን ነው። ስለዚህ የሚከበረው ዕረፍቱ ነው እንጂ ደም መፍሰሱ አይደለም።

በናይሮቢም ይህን በዓል የሚያከብር ትንሽ የአይሁድ ማኅበር አለ። የመጀመሪያው ምኵራባቸው እ.ኤ.አ. በ1913 ተሠራ፤ አሁን ያለው ምኵራብ ደግሞ የ1955 ሕንጻ ነው። ከ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ከጀርመን ናዚዎች ሸሽተው ወደ ኬንያ የመጡ አይሁድም ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች የሐማ አዋጅ የጥንት ተረት አልነበረም። ቀኑ ሳይደርስ የተነሡት ዳኑ፤ ሊነሡ እየወደዱ በር የተዘጋባቸውም እጅግ ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ ተነሥቶ የመጣን ሰው የሚጠብቅና በር የሚከፍት ሌላ ሰው እንደሚያስፈልግ መርሳት አይገባም።

በአገራችንም በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ወራታቸውን በጨረቃ ይቈጥሩ፥ በየጥቂት ዓመቱም አንድ ወር ይጨምሩ ነበር። ፉሪምን እንደ ሌሎቹ አይሁድ በግብዣ ባያከብሩትም፥ የአስቴርን ጾም ይጾሙ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። ደስታው ከሌሎች ወንድሞቻቸው ጋራ እስኪገናኙ ሲቈይ፥ ጾሙን ግን ይዘውት ኖሩ።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብም ከዚሁ ሒሳብ የራቀ አይደለም። ፀሐይ ከጨረቃ የምትበልጥበት የ11 ቀን ትርፍ አበቅቴ ይባላል፤ የ19 ዓመቱም ዙር ንዑስ ቀመር ይባላል። በዚሁ የነነዌ ጾምና የፋሲካ ቀን ይታወቃሉ። ዐማርኛ የሚማሩ አንባብያን ልብ እንዲሉት የሚያሻ አንድ ነገር አለ፤ አበቅቴ የሚለው ቃልና ጳጉሜን የሚለው ቃል ሁለቱም ከአንድ የግሪክ ግሥ የመጡ ናቸው፤ የሁለቱም ፍች የተጨመረ ማለት ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን፥ በየአራት ዓመቱም ስድስት ቀን ብቻ ስለ ሆነች ለብዙዎች ደመወዝ የማይከፈልባት፥ የተረፈች ወር ትመስላለች። ነገር ግን ሕዝቡ በጳጉሜን 3 ቀን በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት በዝናሙ ይጠመቅባታል፤ የሚወዱም የፈቃድ ጾም ይጾሙባታል፤ የዚያም ጾም ስም ጾመ ዮዲት ነው። ዮዲትም እንደ አስቴር ስለ ሕዝብዋ በነፍስዋ ቈርጣ የተነሣች ሴት ናት።

እንግዲህ ከፓርክላንድስ የሂንዱ ቤት እስከ ጎንደር መንደር ድረስ ትምህርቱ አንድ ነው። ሰው ዘመንን ሲሰፍር ሁልጊዜ ጥቂት ትርፍ ይገኛል። ያ ትርፍ የተናቀ ሊሆን ይችላል፤ የተቀደሰም ሊሆን ይችላል። የሚለየውም ባለቤቱ በሚሠራበት ሥራ ነው።

ከእኛ መካከል ከወንድሙ ጋራ ተኳርፎ፥ ፋሲካ ሲደርስ እታረቀዋለሁ እያለ ዓመት የሚያሳልፍ አለ። እናቱን ለማየት ክረምቱ ይውጣ፥ መስከረም ይጥባ የሚልም አለ። ባለጉዳይን ነገ ተመለስ እያለ፥ ነገን እንደማያልቅ ገንዘብ የሚመነዝር የጽሕፈት ቤት ሠራተኛም አይጠፋም። ለእነዚህ ሁሉ ከጥንቱ ሸንጎ የሚሻል መካሪ የለም። ዓመቱ ይጠብቃል፤ መንገዱ እስኪጠገን፥ ድልድዩ እስኪሠራ ይታገሣል። የሚጠብቀው ግን የተነሣውን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ዛሬ ይጻፍ፤ ስንቁም ዛሬ ይቋጠር፤ ቢዘገይም እንኳ መንገድ ላይ ላለ ሰው ወር ይጨመርለታል።