ወረታ አደገች ለምትሉኝ

ኪልበርን ሃይ ሮድ ዳር መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ደንበኛ ከጠራኝ አቋርጣለሁ።

ሰሞኑን አንዱ ፎቶ ለጥፎ "ወረታ አደገች!" ሲል ስንቱ እንዳጨበጨበ አየሁ። ፎቶው መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው። ከፎቁ ኋላ ያለውን ማሳ ያየው የለም። እኔ ከብት የጠበቅኩት እዚያ ነው።

ወረታን ፎቅ አላቆማትም። የባሕር ዳር ጎንደር መንገድና በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የሠሩት የወልድያ መንገድ የሚገናኙት እሷ ዘንድ ስለሆነ ሰው ሰፈረባት። ከዚያ ሩዝ መጣ። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ደራና ፎገራ ላይ ሲያስጀምሩት፣ አባቴ እንደሚያወራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ስቆ ነበር። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ከሣርና ከጓያ ሌላ ምን ይሰጣል ተብሎ! ሰጠ እንጂ። እርግጥ የፎገራ ላም ግጦሿን አጥታበታለች፤ ይህን አልክድም። ግን አባቴ ሣር ቤቱን በቆርቆሮ የቀየረው፣ እኔንም ያስተማረኝ በሩዝ ነው።

እኛስ ምን አደረግንለት? ማሳውን ሸንሽነን ቤት ሠራንበት። እኔም አለሁበት። ባለ አንድ ፎቅ ቤቴ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የሚኖርበት ዘበኛ ብቻ ነው። መሬቱ የማን እንደነበር አውቃለሁ። ሰውየው ካሳውን ጨርሶ ዛሬ በቀን ሥራ የሰው ሩዝ ይጭናል። ይህን ፎቶ የሚለጥፍ አላየሁም።

የወረታ ሩዝ በደንብ ሳይደርቅ ይፈለፈላል፣ አሮጌው መፈልፈያም ይሰባብረዋል፣ ጠጠር አያጣውም። ስለዚህ ርካሽ ይሆንና ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ ለድግሱ የሕንድና የፓኪስታን ሩዝ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ይገባል። እኔ ራሴ ከዚህ ሱቅ የምሸከመው ባስማቲ ነው! ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት፤ ጃፓኖች እንኳ የፎገራን ሩዝ ያግዛሉ። ቶኪዮ የታየው ኪልበርን አልታየም።

ይህን ያነሳሁላቸው አንድ ጋሼ "ልጄ፣ በዚህ ጦርነት ማን ማሽን ያስገባል?" አሉኝ። እውነት አለዎት፣ ጋሼ። ከጦርነቱ በፊትስ? ለፎቁ ሲሆን ሲሚንቶ እንኳ ጠፍቶ መች ቆምን?

እኔ ቤቱን ልሸጠው ነው። ገንዘቡን ይዤ ለአንድ ደህና መፈልፈያና ማድረቂያ የሚያዋጣ ሰው እፈልጋለሁ፤ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የፎቅ ፎቶ ግን አትላኩልኝ።

ደንበኛ ጠራኝ፣ ሄድኩ።