ለጀማሪ የሚመች ስርዓተ ክወና በጭሮ፦ ምርጫው በምን ይመዘን?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮችን አይቀበልም። በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በሂርናና በበዴሳ አሮጌ ላፕቶፕ ለያዘ ተማሪ ወይም መምህር የቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ አዲስ መግዛት፣ ድጋፍ በተቋረጠበት ስርዓት መቀጠል፣ ወይም ወደ ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና መሻገር።

ስለ ሦስተኛው መንገድ ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የትኛው ስርዓት ዊንዶውስን ይመስላል በሚለው ላይ ያተኩራል። ከመልክ ይልቅ ሊመዘን የሚገባው ግን ጀማሪው ሲቸገር በአቅራቢያው የሚጠይቀው ሰው ማግኘቱ ነው። የሊኑክስ ዓይነቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የየራሱን ቢመርጥ የአንዱ ልምድ ለሌላው አይተርፍም።

በዚህ ሚዛን ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይም ቀለል ያለው የኤክስኤፍሲኢ ስሪቱ፣ ለጋራ ምርጫ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 22ኛው እትም ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል፤ ድጋፉም እስከ 2029 ይዘልቃል። አንድ ጊዜ የወረደው ቅጂ ያለ ኢንተርኔት በፍላሽ ለብዙዎች ይዳረሳል። ሳይጫን ከፍላሹ ስለሚሠራም ዋይፋዩና ድምፁ አስቀድመው ሊፈተሹ ይችላሉ።

ተቃውሞዎቹ ግን ቀላል አይደሉም። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ የተለመደው ኪቦርድ ይበቃዋል፤ ለአማርኛ ግን የመጻፊያ ዘዴ መጨመር ያስፈልጋል። ሊብሬኦፊስ የዎርድ ሰነዶችን ይከፍታል፤ ሆኖም በኒያላ ፎንት የተዘጋጀ የመመረቂያ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የገጾቹ አቀማመጥ ይዛባል። ኤስፒኤስኤስን የለመደ ተመራማሪም ወደ አር ወይም ወደ ፒኤስፒፒ ለመሻገር ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ጽሑፉን ለማስረከብ አንድ ወር የቀረው ተማሪ ባይቸኩል ይሻለዋል፤ ጊዜ ያለው ግን ሰነዶቹን በሌላ ዲስክ ካስቀመጠ በኋላ ሁለቱን ስርዓቶች ጎን ለጎን ጭኖ ሊለማመድ ይችላል።

የቀረው ሥራ ከግለሰብ አቅም በላይ ነው። ጭሮ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አንድ ስሪት መርጦ ቅጂውን በቤተ ሙከራ ቢያስቀምጥ፣ ትምህርት ክፍሎችም እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ባሉ በነፃ በሚገኙ ፎንቶች የተጻፉ ጽሑፎችን ቢቀበሉ፣ ጀማሪው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገውን አጋዥ ያገኛል።